ለሽልማት የታጨ ልብ ወለድ ስትገመግሙ

ውድ ወጣቶች፣

ኅዳር 10 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ፣ ልተኛ ስል ስልኬ ጮኸ። የደወለው አብሮኝ የሠራ ወጣት ጋዜጠኛ ነበር።

«ጋሼ፣ ተነጠቅን!» አለኝ።

የዚያ ዓመት የቡከር ሽልማት አሸናፊ ለንደን ላይ መነገሩ ነው። የእኛዋ መዓዛ መንግሥቴ ከስድስቱ የመጨረሻ ዕጩዎች አንዷ ነበረች። ያሸነፈው ግን ዳግላስ ስቱዋርት የሚባል የስኮትላንድ ሰው ሆነ፤ «ሹጊ ቤይን» በተሰኘ የመጀመሪያ ልብ ወለዱ።

«አንብበኸዋል?» አልኩት።

«የቱን?»

«ያሸነፈውን።»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። እኔም አላነበብኩትም ነበርና። እሱ ከመደወሉ በፊት ግን ብቻዬን ስናደድ ነበር ያመሸሁት።

ያ ዝምታ አልረሳ ብሎኛል። ብዙዎቻችሁ ዛሬ በቴሌግራምም በዩቲዩብም ስለ መጻሕፍት ትጽፋላችሁ፣ ትናገራላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ረቂቃችሁን ትልኩልኛላችሁ። ደስ ይለኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩት መጽሐፍ ስገመግምና የሌሎችን ግምገማ ሳርም ነው። ለሽልማት የታጨ መጽሐፍ ሲመጣ ግን የብዙዎቻችን ብዕር ይሳሳታል። የእኔም ተሳስቷል። እንዴት እንደተሳሳተ ልንገራችሁ።

ከሽልማቱ ልጀምር። ቡከር በፈረንጆቹ 1969 የተጀመረ የብሪታንያ ሽልማት ነው። የሚወዳደረው በእንግሊዝኛ ተጽፎ በብሪታንያ ወይም በአየርላንድ የታተመ ረጅም ልብ ወለድ ነው። ለረጅም ጊዜ በሩ ክፍት የነበረው በዋናነት ለኮመንዌልዝ አገሮችና ለአየርላንድ ጸሐፊዎች ነበር። በፈረንጆቹ 2014 ነው ለማንኛውም አገር ዜጋ የተከፈተው። መዓዛ አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ የምትኖር ጸሐፊ ናት። ያ ደንብ ባይለወጥ ኖሮ ስሟ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ባልገባ ነበር። ይህን ስትጽፉ የሰማሁት ከእናንተ መካከል አንድም ሰው የለም፤ ሁላችሁም «በመጨረሻ ዓለም አወቀን» ነው ያላችሁት።

ዳኞቹ አምስት ናቸው፤ በየዓመቱ ይቀየራሉ። በፈረንጆቹ 2020 የቀረቡላቸው መጻሕፍት 162 ነበሩ። ከዚያ 13 ለረጅሙ ዝርዝር፣ 6 ለአጭሩ፣ 1 ለአሸናፊነት። ሰብሳቢዋ ጋና የተወለደችው አሳታሚና አርታኢ ማርጋሬት በዝቢ ነበረች። አብረዋት የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊው ሊ ቻይልድ፣ ሃያሲው ሳሚር ራሂም፣ የጥንቱን የግሪክ ግጥም «ኦዲሴይ»ን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመችው ኤሚሊ ዊልሰን እና ገጣሚው ለምን ሲሳይ ነበሩ። ለምን እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት። ስሙን ከዳኞቹ መካከል ስናይ «የኛ ሰው አለ» ያልን ሰዎች ጥቂት አልነበርንም። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ለእሱም ለመዓዛም ስድብ ነበር። ሰውዬው እዚያ የተቀመጠው ሊያነብ እንጂ ሊያዳላ አይደለም።

አስቡት፤ አምስት ሰዎች፣ አምስት ዓይነት የንባብ ልማድ። ሌሎች አምስት ቢቀመጡ ሌላ መጽሐፍ ሊያሸንፍ ይችል ነበር። በ2019 ዳኞቹ አንድ መጽሐፍ መምረጥ አቅቷቸው፣ ደንቡ እየከለከላቸው ሽልማቱን ለማርጋሬት አትውድና ለበርናርዲን ኤቫሪስቶ አካፈሉት። በፈረንጆቹ 1972 ያሸነፈው ጆን በርገር ደግሞ መድረኩ ላይ ቆሞ፣ ሽልማቱን ያቋቋመው ኩባንያ ሀብቱን ያፈራው ከካሪቢያን የሸንኮራ እርሻ ላብ ነው ብሎ ተናገረ። የገንዘቡንም ግማሽ ለጥቁሮች መብት ለሚታገለው የጥቁር ፓንተሮች እንቅስቃሴ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሽልማት የሰው ሥራ ነው። ገንዘብ አለው፣ ታሪክ አለው፣ ጸብም አለው።

ስለዚህ ግምገማችሁ ውስጥ ሽልማቱን አንድ ጊዜ ጥቀሱትና እለፉ። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ባለ ሁለት ገጽ ረቂቅ ላከልኝ። «ቡከር» የሚለው ቃል ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በእርሳስ ሰረዝኩት። ስለ መጽሐፉ የተጻፈ ሦስት መስመር ቀረ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። መጽሐፉንም አንብቦታል። ግን ሽልማቱ ከፊቱ ቆሞ መጽሐፉን ከለለበት።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት።

የመዓዛ መጽሐፍ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ይባላል፤ የጥላው ንጉሥ እንበለው። በእኛ 2012 ዓ.ም. ለገና ከዋሽንግተን የመጣች የእህቴ ልጅ በሻንጣዋ ይዛልኝ ነበር። ያኔ አንድ ጊዜ ቶሎ ቶሎ አነበብኩት። መስከረም 5 ቀን 2013 አጭሩ ዝርዝር ሲወጣ፣ በአንድ ሌሊት ግምገማ ጻፍኩ። «የኢትዮጵያ ስም በዓለም መድረክ ላይ ሲጠራ…» ብዬ ጀመርኩ። «የጀግኖች እናቶቻችን ገድል» አልኩ። ጠዋት ለባለቤቴ አነበብኩላት። ቡናዋን እየቀዳች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «ጥሩ ነው፤ ግን መጽሐፉ ስለ ምንድን ነው?» አለችኝ።

የጻፍኩት የኳስ ዘገባ ነበር። ጎል ስናገባ የሚጮኸውን ጩኸት ነው ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት። እሱን ቀደድኩትና መጽሐፉን እንደገና ጀመርኩ። ይኸኛው ንባብ ደግሞ በሌላ በኩል አሳሳተኝ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። መስከረም 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ይወርረናል። ሂሩት ወላጆቿን ያጣች ልጅ ናት፤ በኪዳኔና በሚስቱ በአስቴር ቤት ታገለግላለች። ከአባቷ የተረፋት አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ነው። ኪዳኔ ለጦሩ ያስፈልጋል ብሎ ይወስድባታል። ጦርነቱ ይጀመራል፣ ሴቶቹም ይከተላሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ይወጣሉ፣ የተዋጊው ወኔ ይወድቃል። በዚህ መሃል መልኩ ንጉሡን የሚመስል አንድ ድሃ ይገኛል። የንጉሥ ልብስ ይለብሳል፣ ሰው ከሩቅ እንዲያየው ኮረብታ ላይ ይቆማል። ሂሩት የእሱ ጠባቂ ወታደር ትሆናለች።

እዚህ ድረስ ደስ ይላል። ነገር ግን ኪዳኔ፣ ጀግናው አርበኛ፣ የጦር መሪው፣ ሂሩትን ይደፍራታል።

እኔ ያደግኩት ባርበኛ ቤት ነው። የአያቴ ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነበር፤ ጎፈሬው፣ ጠመንጃው፣ ዓይኑ። ያንን ምዕራፍ ሳነብ የተደፈረው የአያቴ ስም መሰለኝ። ወሩም ጥሩ ወር አልነበረም። በሰሜን አገራችን ጦርነት ተጀምሮ፣ ሰው ሁሉ ስለ ጦርነትና ስለ ጀግንነት በሚያወራበት ሰሞን ነበር ይህን የማነበው። ብዕር አነሳሁና ሁለተኛ ግምገማ ጻፍኩ። ይህ ከታሪክ አይገጥምም፣ ያ ቦታ እንዲህ አይደለም፣ አርበኛ እንዲህ አያደርግም። የታሪክ ፈተና የሚያርም መምህር ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ያንንም አላሳተምኩትም። ያስቆመኝ አንድ ነገር ነው። መዓዛ ራሷ በመጽሐፉ መጨረሻ ስለ ቅድመ አያቷ ጽፋለች። ሴትዮዋ የአባቷን ጠመንጃ ይዛ ልትዘምት ፈልጋ፣ ጠመንጃው እንዲሰጣት አባቷን ከስሳለች። መዓዛ ይህን ከእናቷ የሰማችው ለዓመታት ስለዚያ ጦርነት ስትመረምር ቆይታ ነው። በገዛ ቤቷ የነበረ ታሪክ ማለት ነው፤ ማንም ነግሯት አያውቅም። ይህን ሳነብ ራሴን ጠየቅኩ። እኔስ ያያቴን ፎቶ ሺህ ጊዜ ሳይ፣ ስለ አያቴ ሚስት ምን አውቃለሁ? እሷም ዘምታ ነበር ይባላል። ስንቅ ይዛ ነው? ጠመንጃ ይዛ? ማን ይጠብቃት ነበር? ከማንስ? ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሦስተኛውን ንባብ የጀመርኩት ያኔ ነው። አሁን መጽሐፉ ታየኝ። ደራሲዋ ሁለት ጦርነት ጎን ለጎን አስቀምጣለች፤ አንዱ ከወራሪው ጋር፣ ሌላው በራሳችን ድንኳን ውስጥ። ኪዳኔ ጀግና ነው፤ መጽሐፉ ጀግንነቱን አይክድም። ኪዳኔ ደፋሪም ነው፤ መጽሐፉ ይህንንም አይደብቅም። ሂሩት ደግሞ በእሱ ትእዛዝ ስር ሆና ለአገሯ መዋጋት አለባት። ይህ ነው ጥያቄው። የእኔ ሥራ ለአያቴ ጠበቃ መቆም አልነበረም። ደራሲዋ ይህን ከባድ ነገር ገጽ ላይ ቻለችው ወይስ አልቻለችውም የሚለውን መመለስ ነበር።

ታሪካዊ ልብ ወለድ በታሪክ አይጠየቅም እያልኩ አይደለም። ይጠየቃል። ግን ጥያቄው «ይህ ሆኗል ወይ?» ብሎ አይቁም። ደራሲዋ አንድ ነገር ከለወጠች፣ ለውጡ ምን ሠራላት? ምንስ አሳጣት? እዚህ ድረስ ሂዱ።

ከሦስተኛው ንባብ በኋላ ለንደን ያለ ገምጋሚ ሊጽፈው የማይችል ነገር መጻፍ ቻልኩ። ያ መልኩ ንጉሡን የሚመስለው ድሃ ስሙ «ምንም» ነው። የእንግሊዝኛ አንባቢ ትርጉሙ እስኪነገረው መጠበቅ አለበት። እኛ ስሙን ስንሰማ ገና ደረታችን ውስጥ የሆነ ነገር ይሰበራል። አንዲት እናት ልጇን «ምንም» ብላ የምትጠራበትን ምክንያት እናውቃለንና። ክፉ ዓይን እንዳያየው፣ ሞት እንዳይመኘው ሊሆን ይችላል። ብዙ ልጅ የቀበረች እናት ልጇን እንዲህ ባለ ስም ትሸሽገዋለች። እና ይህ «ምንም» የተባለ ሰው ንጉሥ ሆኖ ኮረብታ ላይ ሲቆም፣ በአማርኛ የሚያነብ ሰው ከእንግሊዝኛው አንባቢ የተለየ መጽሐፍ ነው የሚያነበው። መጽሐፉ ውስጥ በየመካከሉ እየገባ የሚናገር ኅብረ ድምፅም አለ። የውጭ ገምጋሚዎች የጥንት ግሪኮችን ተውኔት አስታወሳቸው። እኔ የሰማሁት አዝማሪና ሙሾ አውራጅ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ሁለተኛውን እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል?

ያልወደድኩትንም ጻፍኩ። ቋንቋዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከፍ ባለ ዜማ ነው የሚሄደው። ዝቅ ብሎ የሚተነፍስበት ቦታ ያንሳል። ንጉሡ ለብቻቸው ተቀምጠው የጣሊያን ኦፔራ የሚያዳምጡባቸው ክፍሎች ለእኔ ታሪኩን ያዘገዩታል። በአንጻሩ ስሟ እንኳ የማይጠራው ወጥ ቤቷ ጥቂት ቃል ስትናገር ገጹ ይሞቃል። ጣሊያናዊው ፎቶ አንሺ ኤቶሬ እስረኞችን ከመገደላቸው በፊት ያነሳቸዋል፤ እነዚያን ፎቶዎች መጽሐፉ በቃል ብቻ ነው የሚያሳየን። እዚያ ላይ ደራሲዋን የሚያህል አላየሁም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት የገጽ ቁጥር እየያዝኩ ነው። አንባቢ ባይስማማ ሄዶ እንዲያየው።

«የራሳችንን ሰው እንዴት ትነካለህ?» ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን ይህን እላችኋለሁ፤ አንድን መጽሐፍ እንደ አገር ባንዲራ ከያዝከው አታነበውም። ባንዲራ ይሰቀላል እንጂ አይነበብም። መዓዛ አሥር ዓመት ያህል የለፋችበትን ነገር ደግሞ ሰው እንዲያነበው ነው የጻፈችው።

አሁን ወደዚያ የስልክ ዝምታ ልመለስ። «ሹጊ ቤይን»ን አፈላልጌ አገኘሁና በአራት ሌሊት ጨረስኩት። ግላስጎው ነው፤ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ። ማዕድኑና የመርከብ ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ወንዶቹ ሥራ ፈተዋል። አግነስ የምትባል ቆንጆ እናት መጠጥ ይዟታል። ባሏ ባለታክሲ ነው፤ ከተዘጋ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ አጠገብ ያለ ሰፈር ውስጥ ጥሏት ይሄዳል። ትንሹ ልጇ ሹጊ ሌሎቹ ልጆች አንድ በአንድ ሲሸሹ እሱ አይሸሽም። እናቱን ይጠብቃል። ደራሲው የገዛ እናቱን በመጠጥ ያጣው በ16 ዓመቱ ነው። ኒው ዮርክ በፋሽን ሥራ እየኖረ አሥር ዓመት ያህል ጻፈው። ከሠላሳ በላይ አሳታሚዎች መልሰውበታል።

እኔ ባደግኩበት ሰፈር አንድ ልጅ ነበር። ሲመሽ አረቄ ቤት በር ላይ ቆሞ እናቱን ይጠብቃል። ስትወጣ ነጠላዋን አስተካክሎ ያለብሳታል፤ ሰው እንዳያይባት። አግነስ ከወደቀችበት ተነስታ ሊፒስቲክ ተቀብታ፣ ካፖርቷን ለብሳ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ጎረቤት ፊት ስትወጣ ያ ልጅና ያቺ ነጠላ ትዝ አሉኝ። ስኮትላንድን አላውቃትም። ያንን ነጠላ ግን አውቀዋለሁ። ዳኞቹ ይህን መጽሐፍ በሙሉ ድምፅ ነው የመረጡት። ካነበብኩት በኋላ «ተነጠቅን» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም።

ሁለቱን አስቀምጣችሁ ብትጠይቁኝ፣ የመዓዛ መጽሐፍ በሐሳቡ ይሰፋል፤ የስቱዋርት ደግሞ በሰው ላይ ያለው ዓይን ይጠልቃል። እኔ ዳኛ ብሆን ለማን እንደምሰጥ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። አለመቁረጤም አያስጨንቀኝም። ገምጋሚ አሸናፊ እንዲመርጥ አይጠበቅበትም።

ሌሎቹን አራቱንም ቀስ በቀስ ፈልጌ አነበብኩ። ሁሉንም አልወደድኩም። ብራንደን ቴይለር አንድ የአላባማ ጥቁር ተማሪ በነጮች መካከል የሚያሳልፈውን አንድ ቅዳሜና እሁድ ጽፏል፤ ጥሩ ነው፣ ጠባብ ነው። የዳያን ኩክ መጽሐፍ አንዲት እናት ከተበከለ ከተማ ልጇን ይዛ ወደ ዱር የምትሄድበት ነው፤ መሃሉ ላይ ደከመኝ። አቭኒ ዶሺ ፑኔ በምትባል የህንድ ከተማ፣ የመርሳት በሽታ የያዛትን እናቷን መንከባከብ ያለባትን ልጅ ትጽፋለች። እናትየው በልጅነቷ በድላታለች፤ አሁን በደሉን ራሱን ረስታዋለች። ይህ ሐሳብ ብቻ ሌሊት ይቀሰቅሳል። ሦስቱን አስተያዩ፤ ስቱዋርት፣ ኩክ፣ ዶሺ። ሦስቱም እናት ልጇን ስታጎድል ልጁ ምን ይሆናል ይላሉ። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ይህን አያየውም። ስለዚህ አቅም ካላችሁ ከዝርዝሩ ቢያንስ ሁለት አንብቡ። መጽሐፍ ውድ ነው፣ ማግኘትም ችግር ነው፤ አውቃለሁ። ለሦስት ለአራት ሆናችሁ አዋጡና ተቀባበሉ። እኛም እንዲያ ነበር የምናደርገው።

ስድስተኛዋን ለብቻዋ ያቆየሁት ከቋንቋ ጋር የተያያዘ ነገር ስላለኝ ነው። ዚምባብዌያዊቷ ጺጺ ዳንጋሬምብጋ ናት። «ዚስ ሞርነብል ቦዲ» የተባለው መጽሐፏ በፈረንጆቹ 1988 የጀመረችው የሦስት መጻሕፍት ታሪክ መጨረሻ ነው። ረጅሙ ዝርዝር በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሐራሬ ላይ ሰላማዊ ሰልፍ ወጥታ ታስራለች። መጽሐፉ የተጻፈው በሁለተኛ መደብ ነው። ዋና ገጸ ባሕርይዋን ታምቡዛይን ከላይ እስከ ታች «ዩ» እያለ ነው የሚተርካት። ስለዚህ መጽሐፍ በአማርኛ ልጽፍ ስቀመጥ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ተጣበቅኩ። እንግሊዝኛው «ዩ» ሲል አንባቢውንም ይጠራል። ወንድ ቢያነበው ወንዱን ይነካዋል። አማርኛ ግን ያስመርጠኛል። «አንቺ» ካልኩ ወንዱ አንባቢ ከበሩ ውጭ ይቆማል። «አንተ» ካልኩ ታምቡዛይን አጠፋኋት። «እርስዎ» ካልኩ ያ ቅርበትና ያ ንቀት ይጠፋል። «አንቺ» ብዬ ወሰንኩ። ምን እንደጠፋም ለአንባቢ ነገርኩት።

ከባዕድ ቋንቋ መጽሐፍ እየገመገማችሁ ጥቅስ ስትተረጉሙ እንዲህ ያለ ነገር ይገጥማችኋል። አትሸሹት። ተርጉሙ፣ ትርጉሙ የእናንተ መሆኑን ተናገሩ፣ ያልተሻገረውን አሳዩ። እኔ ከብዙ የኢንተርኔት ማጠቃለያ ይልቅ በደንብ የተተረጎሙ አራት መስመሮች እመርጣለሁ። የደራሲው ድምፅ ያለው እዚያ ነው። ማጠቃለያ ገልብጣችሁ የምታወጡትን ደግሞ አንባቢ ያውቅባችኋል፤ አይምሰላችሁ።

ስለ «ሂስ» አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ይህ ቃል በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ቁስል አለው። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» እየተባለ ሰው በስብሰባ ፊት ይቆም ነበር። ሂስ ማለት ጓደኛህ ተነስቶ ጥፋትህን የሚዘረዝርበት፣ አንተም አንገትህን ደፍተህ «ተቀብያለሁ» የምትልበት ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶቻችን መጽሐፍ ስንገመግም ወይ ያንን ጅራፍ እናነሳለን፣ ወይ ጅራፉን ፈርተን እናወድሳለን። የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ሦስት ገምጋሚ ይነሳል፤ ሦስቱም ያመሰግናል፤ አበባ ይሰጣል፤ ፎቶ ይነሳል። ደራሲው ወደ ቤቱ ሲሄድ ስለ መጽሐፉ አንድ አዲስ ነገር ሳይሰማ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነበርኩ።

እናንተ ያ ቁስል የለባችሁም። ስለዚህ በሰላም መናገር ትችላላችሁ። «ይህ ምዕራፍ አልሠራልኝም፣ ምክንያቱም…» ብሎ መጻፍ ስድብ አይደለም። «ምክንያቱም» የሚለው ቃል ካለ ደራሲው ባይስማማም ያከብራችኋል። ደራሲውን የምታውቁት ከሆነ፣ አብራችሁ ቡና የምትጠጡ ከሆነ፣ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ንገሩን። የሥነ ጽሑፍ መንደራችን ትንሽ ናት። መተዋወቅ ነውር አይደለም፤ መደበቁ ነው ነውሩ።

የቀሩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። መጨረሻውን አትንገሩብን። የመጀመሪያው ንባብ ላይ አትጻፉ፤ ዝም ብላችሁ ተወሰዱ። ሁለተኛው ላይ እርሳስ ያዙ። የሰለቻችሁበትን ገጽም ምልክት አድርጉ፤ ስልቸታውም መረጃ ነው። የጀርባ ሽፋኑን ውዳሴ ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ አንብቡት። ዳኞቹ የተናገሩትንም እንዲሁ።

ረጅሙ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በእኛ ሐምሌ፣ ክረምቱ ሲጠና ነው። አጭሩ ለአዲስ ዓመት ሰሞን፣ መስከረም ውስጥ ይመጣል። አሸናፊው ኅዳር አካባቢ ይነገራል። ይህ የቀን አቆጣጠር ለእኛ የተመቸ ነው። ዝናቡ ቤት ሲያውላችሁ ታነባላችሁ። ከመስቀል በኋላ ትጽፋላችሁ። ግምገማችሁን የአሸናፊው ስም ሳይነገር ጨርሱት። ከላይ ቀኑን ጻፉበት። ከተነገረ በኋላ አንድም ቃል አትለውጡ፤ የወደዳችሁት ቢያሸንፍም፣ ቢቀርም። ከዚያ ላኩልኝ። እርሳሴን ቀርጬ እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የመጻሕፍት ዓምድ አዘጋጅ